የደሴቶቹ መስመር ጠጋኝ

ኦክ ዮንጁ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኦይስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ከዛጎሉ ስትፈለፍል ኖራለች። በቶንግዮንግ ወደብ ዳር በተሠራው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከሃያ ሴቶች ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ቆማ፣ ብርዱ ከገባበት ቀን አንሥቶ የቼሪ አበባ እስኪረግፍ ድረስ በአጭር ቢላ ዛጎል ስትከፍት ትውላለች። ቢላውን በዛጎሉ ከንፈር ሰካ፣ ጠምዘዝ፤ ሥጋው ወደ ባልዲ፣ ዛጎሉ ወደ ኋላ። በዚያ ቤት ከእሷ የሚፈጥን እጅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የስልሳ ሰባት ዓመቷ የእትዬ ማክሱን እጅ። እትዬ ማክሱን የሚቆሙት ከፊት ለፊቷ ነው። ምላሳቸውም ከእጃቸው አያንስም።

«አንቺ የጎጄ ደሴት ልጅ፣ እጅሽ ዛሬ ሱባዔ ገብቷል እንዴ? ባልዲሽ እኮ አፉን ከፍቶ እያዛጋ ነው።»

«እትዬ፣ የእርስዎ ባልዲ ስለ ሞላ የእኔን ለምን ያሙብኛል?»

እንዲህ እየተባባሉ ይውላሉ። ባልዲው ሲሞላ ወደ ሚዛኑ ይወሰዳል። ሚዛኑ ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር በኬብል የተያያዘ ነው፤ የሴትዮዋን ስምና የባልዲውን ክብደት ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ ካልሠራ ሚዛን የለም፤ ሚዛን ከሌለ ሥራ የለም። ያን ዓመት በጥር ወር አንድ ማለዳ ዝም አለ። የቆርቆሮ ቤቱ ባለቤት ማብሪያ ማጥፊያውን ደጋግሞ ተጫነው፤ አንዴም በጥፊ መታው። እንቢ አለ። ባልዲዎቹ ተደረደሩ፣ ኦይስተሩ ያረፈበት በረዶ መቅለጥ ጀመረ፣ ሴቶቹ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ከተው ቆሙ። ከሦስት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ቾን የሚባል ጎልማሳ ጠጋኝ ከማሳን ከተማ መጣ።

ቾን ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ገባና፣ «እስኪ አንዳችሁ ባትሪ ያዙልኝ» አለ። ከሁሉ የቀረበችው ዮንጁ ነበረች። ባትሪውን እንደያዘች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ ሣጥን አየች። አምስት ኬብሎች ገብተውባታል። በአራቱ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ በአምስተኛው ላይ የለም።

«ይሄኛው ብቻ አይበራም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ያህል።

ቾን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መብራት አልባውን ኬብል ተከትሎ እስከ ሚዛኑ ሄደና ጫፉን ነቀለው። የመሰኪያው ነሐስ ከባሕር ጨው የተነሣ እንደ ሻጋታ አረንጓዴ ለብሷል። ጫፉን ቆርጦ ጣለና አዲስ ገጠመበት። ሚዛኑ ጢጥ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ቾን ዕቃውን ሲሰበስብ ዮንጁ ጠጋ ብላ፣ «ይሄን ሁሉ የት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማሩት?» ስትል ጠየቀችው።

«እኔ? እኔ እኮ የታክሲ ሹፌር ነበርኩ። ከሁለተኛ ደረጃ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፈተና ተፈትኜ ነው። አንዱን አለፍኩ፣ ቀጥሎ ሌላውን። ፈተናው 'የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ተመረቅህ' አይልም። ትቀመጪያለሽ፤ ወይ ታልፊያለሽ ወይ ትወድቂያለሽ።» ከበረዶ ካርቶን ላይ አንድ ቁራጭ ቀደደና የፈተናውን ስም ጻፈላት፦ የኔትወርክ አስተዳደር፣ ሁለተኛ ደረጃ። «መብራት የማይበራበትን ቀዳዳ ያየ ዓይን ሥራውን ግማሽ ሠርቶታል። ግማሹ ከመጽሐፍ ይገኛል።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዮንጁ ወደ ቤቷ ስትሄድ ካርቶኗን በጓንቷ ውስጥ ይዛ ነበር። ባሏ ፒልግዩ በጎጄ መርከብ መሥሪያ የብየዳ ሠራተኛ ነው። ልጃቸው ሀራም አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እራት ላይ ነገሩን ስታነሣ ፒልግዩ የዓሣ አጥንት ከአፉ እያወጣ ሰማት።

«ኮምፒውተር? አንቺ እኮ ስልክሽ ሲጠፋብሽ በእጅሽ ይዘሽው የምትፈልጊ ሴት ነሽ።»

«አባዬ፣ ያ አንድ ቀን ነው» አለች ሀራም።

«ሁለት ቀን ነው። እሺ፣ ተማሪ፤ ማን ከለከለሽ። ግን ኦይስተሩን እንዳትተዪው። ሁለት ባላ ትከል ነው ነገሩ፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ትንጠለጠያለሽ።»

እሷም ሁለቱን ባላ ተከለች። ሥራ የሚያልቀው ከቀትር በኋላ ነው። ገላዋን ታጥባ፣ የባሕሩ ሽታ ከፀጉሯ አልለቅ ቢላትም፣ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ መጽሐፉ አልገባትም። አንዱን ገጽ ስታነብ ትውላለች፤ ሲመሽ ያው ገጽ ነው። ከሁሉ ያስቸገራት ሰባቱ እርከኖች የሚባሉት ነበሩ። አንድ መልእክት ከአንድ ኮምፒውተር ተነሥቶ ሌላው ዘንድ እስኪደርስ በሰባት ደረጃ ያልፋል፤ ፈተናው ቅደም ተከተላቸውን ይጠይቃል። እሷ ግን ሦስተኛውን ስትይዝ አንደኛው ይጠፋታል።

መላ የመጣው ከኦይስተሩ ጠረጴዛ ነው። አንድ ማለዳ ዛጎል እየከፈተች፣ በከንፈሯ «ሽቦ፣ አገናኝ፣ መንገድ፣ አመላላሽ...» ስትል እትዬ ማክሱን ያዟት።

«ምን ታነበንቢያለሽ? ሰው እየረገምሽ ነው?»

ነገረቻቸው። አሮጊቷ ቢላቸውን አቁመው አሰቡና፣ «ዘፈን ካላደረግሽው አይያዝም» አሉ። ዛጎሉን እየወረወሩ ምት ሰጡት፦ «ሽቦ! አገናኝ! መንገድ! አመላላሽ!» ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሉ፦ «ወግ! ገጽ! አገልግሎት!» በሰባቱ ሰባት ዛጎል ይከፈታል። በሳምንቱ ቤቱ ሁሉ ያውቀው ነበር። ባለቤቱ አንድ ቀን ገብቶ ሃያ ሴቶች «አመላላሽ!» እያሉ ሲጮኹ ሰማና፣ የደሞዝ ጥያቄ መስሎት ወደ ቢሮው ተመለሰ።

በሚያዝያ ተፈተነች። ለማለፍ ስድሳ ያስፈልጋል፤ ሃምሳ ስምንት አመጣች። ሁለት ነጥብ፤ አንድ ጥያቄ! ዮንጁ ውጤቱን በስልኳ እንዳየች ወደ ወደቡ ወርዳ በአንድ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ግን ፊቷ ተቃጠለ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የፈተናው አዳራሽ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ሀራምን በጥቂት ዓመት ብቻ የሚበልጡ ልጆች ነበሩ። «ምን አገባኝ?» አለች። «ማን ግቢ አለኝ?»

በማግስቱ ለእትዬ ማክሱን ስትነግራቸው፣ እሳቸው ሳቁባት።

«ለአንድ ጥያቄ ነው ፊትሽን እንደ ታህሣሥ ባሕር ያጠቆርሽው? አንድ ጥያቄ ማለት እኮ ከባልዲ ጠርዝ የሚንጠባጠብ ውኃ ነው። እኔ በወጣትነቴ ባል ለማግኘት አራቴ ታጭቼ አራቴ ተመልሻለሁ።»

«እና አምስተኛው?»

«አምስተኛው ቤት ተኝቷል፤ ያንኮራፋል። ዋናው ነገር ግን አለፍኩ!»

ዮንጁ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መለሳት። አሁን ሩጫውን ተወችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ጊዜ መልሱን ሸምድዳ እንጂ ነገሩን ተረድታ አልነበረም። በዚህኛው ዙር ያልገባትን ገጽ አታልፍም። በበጋው ሙቀት የኦይስተር ሥራ ስለማይኖር ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። ሰባ አራት አመጣች።

የቀረው የተግባር ፈተና ነበር፤ ቻንግዎን ሄዳ ተፈተነች። ከኮምፒውተሩ ጥያቄ አስቀድሞ ኬብል መሥራት አለ። ስምንት ቀጫጭን ባለ ቀለም ሽቦዎችን በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ ጥፍር በምታህል መሰኪያ ውስጥ አስገብቶ በፒንሳ መጭመቅ ነው። ሽቦዎቹ ይንሸራተታሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ከጎኗ የተቀመጠው ወጣት ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ዮንጁ ግን ኬብሉን ስትይዝ እጆቿ ሥራቸውን አወቁ። በብርድ ደንዝዘው እንኳ የሚያዳልጥ የባሕር ሥጋ ለአሥራ አንድ ዓመት የፈለፈሉ ጣቶች ናቸው። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ... ጨርሳ ቀና ስትል ማንም አልጨረሰም። ፈታኟ ሴት መጡና ኬብሉን በመሞከሪያው ላይ ሰኩት። ስምንቱ መብራት በተራ በራ።

«ከዚህ በፊት በዚህ ሥራ ላይ ነበሩ?» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይ፣ ኦይስተር ፈልፋይ ነኝ።»

ፈታኟ ሊስቁ ብለው ፈተና መሆኑን አስታወሱና ከንፈራቸውን ነከሱ።

የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት በመስከረም እጇ ገባ። ፒልግዩ ከማቀዝቀዣው በር ላይ የሩዝ ቤቱን ማስታወቂያ አንሥቶ እሱን ለጠፈው። እሷ ግን አልቆመችም፤ በዚያው ግለት የሰርቨርን፣ ማለትም የዋናውን ኮምፒውተር፣ አያያዝ ፈተና ጀመረች፤ እሱንም ታህሣሥ ላይ አንድ ጊዜ ተቀምጣ አለፈች። ሁለት ወረቀት። አሁን ሥራ መፈለግ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። በቻንግዎን ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት የኔትወርክ ሠራተኛ እንደሚፈልግ አየችና፣ ከሀራም ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ስም ተሞላ። አድራሻ ተሞላ። ቀጥሎ «የተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ» የሚል ቦታ መጣ። ባዶ ትታው ወደሚቀጥለው ገጽ ልትሄድ ብትል በቀይ ጽሑፍ «ይህ ቦታ መሞላት አለበት» አላት። እንደገና ሞከረች። እንደገና ቀይ። የምስክር ወረቀቶቹ የሚጻፉበት ገጽ ከዚያኛው ጀርባ ነው፤ እሷ ግን በሩን ማለፍ አልቻለችም።

«እማዬ፣ 'የኦይስተር ዩኒቨርሲቲ፣ የቢላ ፋኩልቲ' ብለሽ ሙዪው» አለች ሀራም።

ዮንጁ ሳቀች፤ ነገር ግን አልሞላችም። ገጹን ዘጋችው። በዚያ ሳምንት ሌሎች አራት ድርጅቶችን ሞከረች፤ ሁለቱ ያው ቀይ ጽሑፍ ናቸው፣ ሁለቱ መልስ አልሰጡም።

እሁድ ዕለት ፒልግዩ ራዲሽ የተባለውን ነጭ ሥር እየከተፈላት ሳለ ቢላውን አስቀመጠ።

«እኔን መርከብ ቤት ሲቀጥሩኝ ማን ምን ተማርክ አለኝ?»

«ማንም።»

«ሁለት ብረት ሰጡኝና 'አያይዝ' አሉኝ። አያያዝኩ። በራጅ አዩት፤ ቀዳዳ የለውም። አለቀ። አንቺም ሁለት ብረት የሚሰጥሽ ሰው ፈልጊ፤ እዚያ የኮምፒውተር መስኮት ላይ ግን አታገኚውም። በእግርሽ ሂጂ።»

«አንተ እኮ ኦይስተሩን አትተዪ ያልክ ሰውዬ ነህ።»

«አሁንም አትተዪ። ከሰዓት በኋላ ሂጂ።»

በእግሯ ሄደች። በቶንግዮንግ የዓሣ ገበያ ጀርባ፣ ከአንድ የመረብ መሸጫ ሱቅ በላይ፣ ስድስት ሰው ያለው የጥገና ድርጅት አለ። የትምህርት ቤቶችን፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችንና የጤና ኬላዎችን ኮምፒውተርና መስመር ይጠግናል። የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ባንግ ሱክሂ ሃምሳውን የተሻገሩ፣ መነጽራቸውን በፀጉራቸው ላይ አድርገው የሚረሱ ሴት ናቸው። ዮንጁ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። ወይዘሮ ባንግ አነበቡ፤ ገለበጡ፤ እንደገና አነበቡ።

«ባሕር ያጥወለውልሻል?» አሉ።

ዮንጁ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «ምን አሉኝ?»

«በጀልባ ስትሄጂ ያስመልስሻል ወይ? ሥራዬ ግማሹ ደሴት ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ሁለት ባለ ዲግሪዎች ቀጥሬ ነበር። እግዜር ያሳይሽ፣ ጎበዞች ናቸው፤ መሬት ላይ። ጀልባ ላይ ሲወጡ ግን ዕቃውን የምሸከመው እኔ፣ እነሱን የምሸከመውም እኔ ሆንኩ።»

«እኔ የጎጄ ልጅ ነኝ። አባቴ ጀልባ ነበረው። ከመራመዴ በፊት ነው ባሕር ላይ የወጣሁት።»

ወይዘሮ ባንግ መነጽራቸውን ከፀጉራቸው አወረዱና አሁን በደንብ አይዋት። «ሦስት ወር እንሞክር። ወረቀቶችሽ መጽሐፉን እንደምታውቂ ይነግሩኛል። ሌላውን ደሴቶቹ ይነግሩኛል።»

ከመጋቢት ጀምሮ ሥራ ገባች። የኦይስተሩ ወቅት እያበቃ ስለነበር ባለቤቱም አላዘነም። ሴቶቹ ግን በእትዬ ማክሱን መሪነት አንድ ባልዲ ምርጥ ኦይስተር ሞልተው ሸኟት፤ ያንን ባልዲ ሚዛን ላይ ያወጣው አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዷት። መጽሐፉ ያልነገራት ነገር ብዙ ነው። ኬብል በአይጥ እንደሚበላ መጽሐፉ አልጻፈም። የቀበሌ ጸሐፊ «ምንም አልነካሁም» ሲል ነክቶታል ማለት እንደሆነ መጽሐፉ አልጻፈም። ሲጨንቃት ወይዘሮ ባንግ ዘንድ ትደውላለች፤ እሳቸውም መልሱን አይሰጧትም፤ «ምን አየሽ?» ብቻ ነው የሚሏት። ያየችውን በተራ ስትነግራቸው ብዙ ጊዜ መልሱ ራሱ ከአፏ ይወጣል።

ትልቁ ፈተናዋ ሙልሴ በምትባል ደሴት ላይ ደረሰባት። ሙልሴ ሰባ ሰው የማይሞላባት፣ አብዛኛው ነዋሪ አዛውንት የሆነባት ናት። ያለችው ሐኪም የለሽ ጤና ኬላ ብቻ ናት፤ ነርሷ ወይዘሮ ጂን በሽተኛውን ስክሪን ፊት ያስቀምጡና በከተማ ያለው ሐኪም በቪዲዮ ያየዋል። ግንቦት ላይ ይህ መስመር መቆራረጥ ጀመረ። አንድ ቀን ይሠራል፤ በሚቀጥለው ቀን ሐኪሙ «ምላስዎን ያው...» ብሎ ይጠፋል፤ ሽማግሌው ምላሳቸውን አውጥተው ይቀራሉ።

ዮንጁ ሄደች። መስመሩን የምታሠራጨውን ሣጥን፣ ራውተሩን ማለት ነው፣ መረመረችና አርጅቷል ብላ በአዲስ ቀየረችው። ሠራ። «ተጠግኗል» ብላ ጽፋ በከሰዓቱ ጀልባ ተመለሰች። በማግስቱ ወይዘሮ ጂን ደወሉ። ያው ነው። ዮንጁ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ነገ ተመለሺ» አሏት ወይዘሮ ባንግ፤ አልተቆጡም። «እስኪገኝ ድረስ እዚያው ተቀመጪ። በዚህኛው ጉዞሽ ምንም አትቀይሪ። መጀመሪያ ጠይቂ።»

በማግስቱ ኬላው እንደ ደረሰች የዕቃ ቦርሳዋን ሳትከፍት ነርሷን ጠየቀቻቸው። «መቼ ነው የጀመረው? ቀኑን ያስታውሱታል?»

ወይዘሮ ጂን አሰቡ። «ከወላጆች ቀን ማግስት ነው። አዎ፤ ልጆቹ ሁሉ ከከተማ መጥተው፣ አበባውን የወላጆቻቸው ደረት ላይ ሰክተው፣ ሄዱ። በነጋታው ተበላሸ።»

«ልጆቹ አበባ ብቻ ነው ያመጡት?»

«ኧረ ምን ያላመጡት አለ! ጀርባ የሚያሽ ወንበር፣ ጂንሰንግ፣ ጫማ...»

የኬላው ጎረቤት የአዛውንቶች አዳራሽ ነው፤ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ዮንጁ ጫማዋን አውልቃ ገባች። አምስት ሽማግሌዎች ሞቅ ያለው ወለል ላይ ተቀምጠው ቼዝ ይጫወታሉ፤ በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ዘፋኝ ከአንጀቷ ትዘፍናለች። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በአሮጌ ዋንጫዎች መካከል፣ ነጭ አዲስ ሣጥን መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ከጀርባዋ የወጣው ኬብል በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ኬላው ውስጥ ካለ ትርፍ መሰኪያ ላይ ገብቷል።

ዮንጁ ሣጥኗን ገልብጣ አየቻትና ነገሩ ወለል አለላት። በአንድ መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ዕቃ የአድራሻ ቁጥር የሚያድል አንድ ሣጥን ነው መኖር ያለበት። ይህች ስጦታ በተሳሳተ ቀዳዳ ስለ ተሰካች እሷም ማደል ጀምራለች። የነርሷ ኮምፒውተር ጠዋት ሲነሣ ከኬላው ሣጥን ቁጥር ከተቀበለ ቀኑን በሰላም ይውላል፤ ከሽማግሌዎቹ ሣጥን ከተቀበለ መንገድ ይስታል። በዚህ መሃል ራሷ አውጥታ የጣለችው አሮጌ ራውተር ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

«ይህቺ የማን ናት?» አለች።

የሰማንያ ሁለት ዓመቱ የመንደሩ ሽማግሌ አባባ ፕዮን የቼዙን ፈረስ በእጃቸው እንደያዙ ቀና አሉ። «የእኔ ናት! ልጄ ከኢንቾን ያመጣልኝ። በእጁ ነው የተከላት። ምን አጠፋች?»

ሌሎቹ አራቱ ወደ እሳቸው ዞሩ። አንደኛው፣ ተራው የነበረው፣ ዕድሉን አላሳለፈም። «እኔ ድሮም ብያለሁ! የእሱ ልጅ የነካው ነገር...! ስንት ቀን ሙሉ ምላሳችንን አውጥተን የቀረነው በአንተ ልጅ ነው?»

የአባባ ፕዮን ጆሮ ሲቀላ ዮንጁ አየች። ያንን ቅላት ታውቀዋለች፤ ትናንት የእሷ ነበር።

«አባባ፣ ስጦታዎ ምንም አላጠፋችም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ደህና ዕቃ ናት፤ ልጅዎ መርጦ ነው የገዛው። ችግሩ ኬላው ውስጥ ክፍት የተተወው መሰኪያ ነው፤ እሱን መዝጋት የእኛ ሥራ ነበር። እኔም ከትናንት ወዲያ መጥቼ ሳላየው ሄድኩ። አሁን አስተካክላታለሁ።»

«ዘፈኑስ?» አሉ አንዱ በስጋት።

«ዘፈኑም ይቀጥላል።»

ሣጥኗን ቁጥር ማደል እንድትተው አደረገቻት፤ ኬብሏን በትክክለኛው ቀዳዳ ሰካች፤ ለአዳራሹ ከኬላው የተለየ መስመር ለየችለት። ከዚያ ኬላው ውስጥ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን አሥር ጊዜ አጥፍታ አሥር ጊዜ አበራች። አሥሩንም ጊዜ ሐኪሙ ዘንድ ደረሰ። በአሥረኛው ላይ ሐኪሙ፣ «እህቴ፣ ጤነኛ ነሽ፤ በቃ ሂጂ» አላት። አባባ ፕዮን እስከ ጀልባው ሸኟት፤ ከመሳፈሯ በፊት በጋዜጣ የተጠቀለለ የደረቀ ዓሣ ቦርሳዋ ውስጥ ወተፉላትና ተመለሱ።

በጀልባው ላይ ሪፖርቷን ጻፈች። ወይዘሮ ባንግ በማግስቱ ጠዋት ቆመው አነበቡት። እንዲህ ይላል፦ «በመጀመሪያው ጉዞ ደህና የነበረውን ራውተር ያለ በቂ ምርመራ ቀይሬያለሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። አሮጌው ይሠራል፤ ለሌላ ኬላ መለዋወጫ ይሁን።»

«ይሄን ማን ጻፊ አለሽ?»

«ማንም። የሆነው እሱ ነው።»

«አብረውኝ የሠሩ ሰዎች በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ ዕቃ ቀይረዋል» አሉ ወይዘሮ ባንግ፤ «ሁሉም ዕቃ ተበላሽቶ ነበር። አንድም ሰው ተሳስቶ አያውቅም! ተአምር ነው።» ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ሦስት ወሩ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። እኔ ግን መጠበቅ ሰልችቶኛል። ነገ ውልሽን ፈርሚ።»

ያን ዕለት ማታ ፒልግዩ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ሰማና፣ «በራጅ አዩሽ ማለት ነው?» አለ። «አዩኝ» አለች። «ቀዳዳስ?» «አንድ አገኙ። ራሴ ነኝ ያሳየኋቸው።» ሳቀና አቀፋት፤ የብየዳ ጢስ ሽታው ዓይኗን ቆጠቆጣት።

ዓመት አለፈ። ዮንጁ አሁን አሥራ ሁለት ደሴቶችን ትዞራለች፤ የጀልባ ካፒቴኖቹ በስሟ ይጠሯታል። የዩኒቨርሲቲው ነገር አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። አንድ ርእሰ መምህር አንድ ጊዜ፣ «ከየት ነው የተመረቁት?» ሲሏት፣ «ከየትም» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «መልካም፤ ማተሚያዬ ግን ከትናንት ጀምሮ እንቢ ብሏል» አሉ። የቀይ ጽሑፉ ትዝታ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ እንደ ድሮ ግን አይቆረቁራትም። ለሦስተኛው ፈተና ጀልባ ላይ ታነባለች፤ ማዕበሉ ሲበረታ መጽሐፉን ትዘጋና ባሕሩን ታያለች።

በኅዳር አንድ ሐሙስ ስድስት ተማሪ ብቻ ያለበት የደሴት ትምህርት ቤት ለሥራ ሄዳ ነበር። ነፋሱ ያንቀጠቀጠውን የጣሪያ አንቴና አጥብቃ ከመሰላል ስትወርድ መምህርቷ ከመስኮቱ ጠሯት።

«ኑ፣ እጅዎን ይታጠቡ! ዛሬ የሱል ልደት ነው። እንደ ልማዱ የባሕር አረም ሾርባ ሠርተናል።»

ትንሿ ባለ ልደት፣ የፊት ጥርስ የሌላት ልጅ፣ ለእንግዳዋ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችላት። ዮንጁ በዝቅተኛው ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ሾርባው ትኩስ ነው፤ ውጪ ነፋሱ ያፏጫል። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ፤ የሌላ ደሴት ቀበሌ ነው።

«ምን አዩ?» አለች፣ ማንኪያዋን እንደያዘች። ሰማች፤ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፤ አይንኩት፣ እንዳለ ይተዉት። በስምንት ሰዓቱ ጀልባ እመጣለሁ። አይ፣ አሁን አልችልም፤ ልደት ላይ ነኝ።»